ለአሮጌ ቤልጅግ አረር መምረጥ፦ የትኛው ነው በእርግጥ ርካሹ?

ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት የአሜሪካ ገበያ ገብተዋል። ከመካከላቸው የብዙዎቻችንን ልብ የሚይዘው ቤልጅጉ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤልጅየም ውስጥ በኤፍ ኤን ፋብሪካ ተሠርቶ፣ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተመቶበት ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተሸጠው ማውዘር ማለቴ ነው። ይህን ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ በጠመንጃ ጠጋኝ ያስመረመረ ሰው ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ብቻ መኖር አይሆንለትም፤ ተኩስ ሜዳ ይዞት ይወጣል። ያን ጊዜ የጥይቱ ዋጋ ያስደነግጠዋል። 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር፣ አሜሪካኖች 8 ሚሊ ሜትር ማውዘር የሚሉት ጥይት፣ እንደ ዘመኑ ጥይቶች በየሱቁ ተከምሮ አይገኝም። ስለዚህ ቀለሃውን ሰብስቦ መልሶ ወደ መሙላት ይገባል።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሃ፣ ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው)፣ ባሩድ እና ከፊት የሚቀመጠው አረር። ቀለሃው ተመላልሶ ይሠራል። ሌሎቹ ሦስቱ አንዴ ከተተኮሱ አለቁ፤ ከሦስቱም ብዙውን ጊዜ ኪስ የሚጎዳው አረሩ ነው። እዚህ የማወዳድረው አረሩን ብቻ ነው። የባሩድ ልክ ከዚህ አትጠብቁ፤ እሱ የሚወሰደው ከአረሩ ወይም ከባሩዱ አምራች የመሙያ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አረር በተቀየረ ቁጥርም ተመልሶ ከዝቅተኛው ልክ ይጀመራል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ርካሽ አረር ማለት በፍሬ ዋጋው ዝቅ ያለው ሳይሆን ለእናንተ አፈሙዝ (አረሩ ለሚያልፍበት የብረት ቱቦ) ልክ ሆኖ በፍሬ ዋጋው ዝቅ ያለው ነው። ልክ ያልሆነ አረር በነጻ ቢሰጣችሁም ባሩዱንና ፕራይመሩን አቃጥሎ፣ ወረቀቱ ላይ የትም ተበትኖ፣ ቀኑን ይበላል።

መጀመሪያ አፈሙዙን ለኩ

ለዚህ ጥይት የሚሸጡ የዛሬ አረሮች ውፍረታቸው 0.323 ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር 8.2 ገደማ። ችግሩ በጀርመን ከ1888 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎች 0.318 ኢንች አረር ይጠቀሙ የነበሩ መሆናቸው ነው። ሾጣጣው አዲስ አረር በ1905 ሲመጣ ነው ውፍረቱ ወደ 0.323 ያደገው። ቤልጅጉ በኋለኛው ልክ የተሠራ ነው። ቢሆንም ዘጠና ዓመት ያለፈው ጠመንጃ ምን እንደደረሰበት፣ አፈሙዙ ተቀይሮ እንደሆነ፣ በዝገትና በተኩስ ምን ያህል እንደሰፋ የሚያውቀው መለኪያ ብቻ ነው። የሻጭ ቃልም፣ ብረቱ ላይ የተመታ ጽሑፍም መለኪያን አይተካም።

አለካኩ ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ መዝጊያውን አውጡ፤ አፈሙዙን በሚገባ ወልውላችሁ በስሱ ዘይት ቀቡት። ከዚያ ለስላሳ ንጹሕ እርሳስ (ሊድ የሚባለው ማዕድን)፣ ለምሳሌ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጠውን ዕንቁላል መሰል እርሳስ፣ ከአፈሙዙ ጥቂት የሚወፍረውን መርጣችሁ በናስ ዘንግ በዝግታ እየገፋችሁ ከአንዱ ጫፍ አስገብታችሁ በሌላው አውጡት። እርሳሱ የውስጡን ጥምዝ መስመሮች ቅርጽ ይዞ ይወጣል። የማውዘር አፈሙዝ አራት መስመር ስላለው ጉብታዎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በማይክሮሜትር በቀጥታ ይለካሉ። በካሊፐር አትለኩት፤ የሺኛ ኢንች ልዩነት ነው የምንፈልገው፣ ካሊፐር ለዚያ አይታመንም።

እርሳሱን ስትገፉ እጃችሁ የሚነግራችሁም ነገር አለ። መካከል ላይ ድንገት ከላላ አፈሙዙ እዚያ ቦታ ሰፍቷል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ፣ ወደ አፈሙዙ ጫፍ፣ ከላላ ደግሞ ለብዙ ዓመት በብረት ዘንግ ሲወለወል ተበልቷል። ይህኛው በአሮጌ የጦር ጠመንጃ ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው «አረሩ መጥፎ ነው» እያለ የሚያማርረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልኩ ከ0.323 እስከ 0.324 ከሆነ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ለእናንተ ነው። ወደ 0.325 የሚጠጋ ከሆነ ምርጫችሁ ይጠባል፤ መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነውን ወይም ከቀለጠ እርሳስ የሚሠራውን ነው የምትፈልጉት። ወደ 0.318 የቀረበ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በጠበበ አፈሙዝ ወፍራም አረር መተኮስ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ጠመንጃ ጠጋኝ ሳያየው አንድም አትተኩሱ።

ክብደት፦ 150፣ 170 ወይስ 198 ግሬን?

የአረር ክብደት በግሬን ይነገራል፤ 7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ነው። የ1905ቱ የጀርመን ሾጣጣ አረር 154 ግሬን ገደማ፣ ማለትም 10 ግራም ነበር። ኋላ የመጣውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መደበኛ የነበረው ከባዱ ደግሞ 198 ግሬን፣ 12.8 ግራም ነው። እንግዲህ በታሪክም ሁለቱም ክብደቶች ለዚህ ጠመንጃ ባዕድ አይደሉም።

ለወረቀት ዒላማ በመቶ ሜትር ለሚተኩስ ሰው 150 ግሬኑ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እርሳስና መዳቡ ስለሚያንስ ዋጋውም ዝቅ ይላል፤ ትከሻም ያሳርፋል። የቤልጅጉ ሰደፍ ማረፊያ ብረት ነው፣ ካርባይን የሚባለው አጭሩ ዓይነትም ቀላል ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለቱ ርዝመቱ ነው። የጦር ጠመንጃ ጉሮሮ፣ ማለትም ከቀለሃው አፍ እስከ ጥምዙ መጀመሪያ ያለው ቦታ፣ ረጅም ሆኖ ነው የተሠራው። አጭር አረር ጥምዙን ከመያዙ በፊት ብዙ ርቀት በባዶ ይዘላል። አንዳንዱ ጠመንጃ ይህን ይችለዋል፤ አንዳንዱ ይበትናል።

ከ195 እስከ 200 ግሬን ያለው ረጅም ስለሆነ ጉሮሮውን ይሞላል፤ ጥምዙንም ቶሎ ይይዛል። የዚህ ጠመንጃ ጥምዝ በ240 ሚሊ ሜትር አንድ ዙር ገደማ ስለሚዞር ከባዱን አረር ያለ ችግር ያረጋጋዋል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ትከሻውም ይናገራል።

170 እና 175 ግሬን የሚባሉት መካከለኞች ናቸው። በተለይ ጫፉ ድብልብል የሆነው 170 ግሬን ሰውነቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ለተበላ ጉሮሮ በክብደቱ ከሚጠበቀው በላይ ይስማማል። ድብልብል አረር ከሩቅ ርቀት ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል የሚባለው እውነት ነው፤ በመቶ ሜትር ግን ያ ጉዳይ ማንንም አያሳስብም።

ስለ መቀመጫው ቅርጽ ደግሞ አንድ ቃል። ጅራቱ የሚቀጥን አረር ለረጅም ርቀት የተሻለ ነው፤ ሰፊና የተበላ አፈሙዝ ውስጥ ግን ጋዙን ለመዝጋት ይቸገራል። መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነው ከኋላው ሲገፋ ሰፋ ብሎ መስመሮቹን ይሞላል። ለአሮጌ ጠመንጃ ዋጋቸው እኩል ከሆነ ሳላመነታ ጠፍጣፋውን እወስዳለሁ።

ከየት ይገዛ?

የመጀመሪያው በር የአሜሪካ አምራቾች ናቸው። ሆርናዲ 150፣ 170 እና 195 ግሬን አረር በዚህ ልክ ሲሠራ ቆይቷል፤ ስፒርና ሲዬራም ለዚህ ልክ የሚሠሯቸው አሏቸው። ጥራታቸው እኩል ነው፣ ክብደታቸው አይዋዥቅም፣ በየአምራቾቻቸው የመሙያ መጽሐፍ ውስጥ ልካቸው ተጽፎ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለጀማሪ ከዋጋ በላይ ነው። ችግራቸው 8 ሚሊ ሜትር ተፈላጊነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በየጊዜው አለመመረታቸው ነው፤ ለወራት ጠፍተው ይከርሙና በአንድ ሳምንት ገብተው ያልቃሉ። የምትወዱትን ስታገኙ ያለመዘግየት ግዙ።

ሁለተኛው በር የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ነው፤ በገበያ ፒፒዩ በሚል አጭር ስሙ ይታወቃል። 8 ሚሊ ሜትር ማውዘር በዩጎዝላቪያ ጦር ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ጥይት ስለሆነ ፋብሪካው ከዚህ ልክ ጋር ዕድሜ አለው። 198 ግሬን ሙሉ ልባስ (ጫፉም ጭምር በመዳብ የተሸፈነ) አረሩ ለጦር ጠመንጃ ባለቤት የተሠራ ያህል ነው፦ ቅርጹ ለአሮጌው ከባድ የጦር አረር የቀረበ፣ ዋጋውም ከአሜሪካኖቹ ከባድ አረሮች ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ። አፈሙዙ ያልተበላ ቤልጅግ ላለውና ከባድ አረር ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ከአሮጌ የጦር ጥይት የተነቀለ አረር ነው። ሲገኝ በመቶዎች ተቋጥሮ ይሸጣል፤ በፍሬም ከሁሉ ሊረክስ ይችላል። ብዙ ሰው «የድሮ የጦር ጥይት አፈሙዝ ያዝጋል» ብሎ ይፈራዋል። የሚያዝገው ግን አረሩ ሳይሆን የድሮው ፕራይመር የሚተወው ጨው ነው፤ የተነቀለውን አረር በአዲስ ፕራይመር ከሞላችሁት ያ ችግር የለም። መመርመር ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። ሲነቀል በመንቀያው የተቧጨረ ወይም ሞላላ የሆነ ካለ ለዩት። ጥቂቱን በሚዛን አስቀምጡ፤ ከአንዱ አገርና ከሌላው ፋብሪካ የተቀላቀለ ቋጠሮ በክብደት ይለያያል፣ ለተቀላቀለ አረር ደግሞ አንድ የባሩድ ልክ የለውም። ማግኔት አስጠጉበት፤ ከሳበው ልባሱ ወይም ውስጡ ብረት አለው፣ ብዙ የተኩስ ሜዳዎችም እንዲህ ያለውን አይቀበሉም። ጫፉ ላይ ቀለም ያለበትን ፈጽሞ አትግዙ፤ ቀለሙ ብረት በሺ ወይም እሳት ለኳሽ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

አራተኛው በር ለውድድርና ለአደን የሚሠሩት ናቸው። ለወረቀት ዒላማ ገንዘብ ማባከን ነው። የዘጠና ዓመት ጠመንጃ በክፍት ማነጣጠሪያ የውድድር አረርን ጥቅም አያወጣውም። ለአደን ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ብዙ ግዛቶች ለአጋዘን ሲመታ የሚሰፋ ጫፍ ያለው አረር ስለሚጠይቁ ሙሉ ልባሱ ርካሽ ቢሆንም አይሆንም፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደንን በሙሉ ከልክላለች፣ እዚያ ያለ አዳኝ የሚገዛው መዳብ ነው።

እርሳስ አቅልጦ መሥራት

በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚተኩስ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። በየወሩ ለሚተኩስ ግን ከዚህ የሚረክስ መንገድ የለም፤ ለሰፋ አፈሙዝም ከዚህ የሚሻል መድኃኒት የለም።

ሒሳቡን እዩት። ሊ የተባለው አምራች ለዚህ ልክ የሚሸጠው ቅርጽ ማውጫ 175 ግሬን አረር ያወጣል። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነውና ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 40 አረር ይወጣል። እርሳሱን በፓውንድ በሁለት ዶላር ብታገኙት የአንዱ አረር እርሳስ አምስት ሳንቲም ነው። በዚህ ላይ ከበስተኋላው የምትገባው የመዳብ ቆብ፣ ጋዝ ቼክ የሚሏት፣ ጥቂት ሳንቲም ትጨምራለች። ማቅለጫው፣ ቅርጽ ማውጫው፣ ልክ ማስተካከያው መጀመሪያ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አንዴ ከተገዙ ግን ለልጅ የሚተርፉ ናቸው።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። የእርሳስ አረር ከአፈሙዙ ልክ በአንድ ወይም በሁለት ሺኛ ኢንች መወፈር አለበት። አፈሙዛችሁ 0.3245 ከሆነ 0.326 አድርጋችሁ ትሠራላችሁ፤ ከሱቅ የሚገዛው 0.323 ያላስማማው ጠመንጃ በዚህ ሲስተካከል ይታያል። ቀዳዳው ሰፍቷል ተብሎ የተናቀ ስንት ቤልጅግ በዚህ መንገድ ነፍስ ሊዘራ እንደሚችል ሳስብ ለዚህ ሥራ ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ወሰኑም ይታወቅ። የእርሳስ አረር እንደ መዳብ ልባሱ በሙሉ ኃይል አይተኮስም፤ ቆብ ቢኖረውም በሰከንድ 2,000 ጫማ ገደማ ላይ ሲደርስ አፈሙዙን በእርሳስ መለጠፍ ይጀምራል። ስለዚህ ለእርሳስ አረር የተጻፈ የተለየ የመሙያ ልክ ያስፈልገዋል። ቀስ ያለ ጥይት ነው፤ ለአሮጌው ብረትም፣ ለቀለሃውም፣ ለትከሻችሁም ይመቻል።

አደጋውን ግን እንደ ቀላል አትዩት። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃን አእምሮ። ኩሽና ውስጥ አይቀለጥም። የወጥ ድስት ለዚህ አይውልም፤ አንዴ ከዋለም ወደ ወጥ አይመለስም። ደጅ ወይም አየር በሚገባ የሚወጣበት ቦታ ይሠራ፤ የሠራችሁበት ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ፤ እጅ ሳይታጠብ እህል አይነካ። በየዓመቱ ሐኪም የደማችሁን የእርሳስ መጠን እንዲለካ ጠይቁ። የቀለጠ እርሳስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ ከገባች እንፋሎቱ እርሳሱን ወደ ላይ ይረጨዋል፤ መነጽርና ረጅም እጅጌ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከመኪና ጎማ የወጣ ማመዛዘኛ ስትገዙ ዚንክ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ዚንክ ከእርሳስ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ ሙቀቱን ካላበዛችሁት ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ ጠልፎ ማውጣት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ መሥራት ለማይፈልግ ደግሞ የተቀለጠና ልኩ የተስተካከለ የእርሳስ አረር የሚሸጡ ትናንሽ አምራቾች አሉ፤ በፓውደር ቀለም የተለበጠውንም ያቀርባሉ። ስታዙ ልኩን በሺኛ ኢንች ንገሯቸው። «ለ8 ሚሊ ሜትር» ማለት ብቻ አይበቃም።

የፍሬ ዋጋ ማስላት

ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ ያሳስታል፤ አንዱ ሳጥን 50፣ ሌላው 100 ፍሬ ይይዛልና። ለምሳሌ ያህል 50 ፍሬ በ30 ዶላር፣ 100 ፍሬ በ45 ዶላር ቢሸጥና ማጓጓዣው ለሁለቱም 10 ዶላር ቢሆን፣ የመጀመሪያው በፍሬ 80 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 55 ሳንቲም ነው። 500 ፍሬ በ190 ዶላር ከ15 ዶላር ማጓጓዣ ጋር ብታገኙ 41 ሳንቲም ይወርዳል። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት ናቸው፤ የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ አስገቡ። አረር ብቻውን እንደ ማንኛውም ዕቃ ይላካል። ባሩድና ፕራይመር ግን የአደገኛ ዕቃ ክፍያ ይጨመርባቸዋል፤ ስለዚህ እነሱን ከጓደኞች ጋር በአንድ ትእዛዝ አሰባስቡ፣ አረሩን ግን ቅናሽ ባያችሁ ቁጥር ለብቻው ግዙ።

የጣሊያን ጠመንጃ ለያዛችሁ

ከኢትዮጵያ ከመጡት ውስጥ የጣሊያኑ ካርካኖም ብዙ ነው፤ የእሱ ነገር ለብቻው ነው። ስሙ 6.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የአፈሙዙ ልክ 0.268 ኢንች ነው፤ ገበያውን የሞላው ሌላው 6.5 ግን 0.264። የአራት ሺኛ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች፤ አረሩ ግን ጥምዙን በደንብ ሳይዝ ወጥቶ ዒላማውን በጎኑ ሊመታው ይችላል። ሆርናዲ ለዚህ ብሎ 160 ግሬን ባለ 0.268 አረር ሠርቷል፤ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ለካርካኖ ባለቤት ርካሹን ፍለጋ ማለት ያንን መጠበቅ ወይም እርሳስ ማቅለጥ ነው። ርካሽ 0.264 አይታችሁ አትጎምጁ።

ሕጉን ሳታውቁ አትዘዙ

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አረር ብቻውን፣ ቀለሃ ብቻውን፣ ባሩድ ብቻውን እንደ ጥይት ይቆጠራል። ጥይት መያዝ የተከለከለ ሰው አንድ ሳጥን አረርም መያዝ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስደተኛነቱ ብቻ አይከለከልም፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የተከለከለ ነው። ብዙ ወገን የሚኖርባት ዋሺንግተን ዲሲ የጥይት ሕጓ ጥብቅ ነው፤ አረርንና ፕራይመርን በስም ጠቅሶ ይጨምራል፣ የተመዘገበ ጠመንጃ የሌለው ሰውም እንዲይዝ አይፈቅድም። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ሕግ ሌላ ነው። ለራስ መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞልቶ መሸጥ ግን የፌዴራል የአምራችነት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ለዘመድም ቢሆን በገንዘብ አትስጡ። አገር ቤት ስትሄዱ አንዲት ፍሬ እንኳ ሻንጣ ውስጥ እንዳትቀር። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ ብቻ የሚያዝ ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት

ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት አንዳንድ ሳጥን ብቻ ግዙ፤ አፈሙዙ ጤነኛ ከሆነ 150 ጠፍጣፋውንና የሰርቢያውን 198፣ ከተበላ 170 ድብልብሉንና የተቀለጠውን የእርሳስ አረር። ከመጽሐፉ ዝቅተኛ ልክ ጀምራችሁ ከተደገፈ ቦታ ላይ አምስት አምስት ተኩሱ። ጥይቱ ከዒላማው በላይ ቢያርፍ አትጨነቁ፤ የጦር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ለረጅም ርቀት ስለተሠራ በመቶ ሜትር ከፍ ብሎ መምታት ልማዱ ነው። የምታዩት ስብስቡን ነው። የወረቀቱ ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ ከሆነ ያ አረር ለእናንተ አይደለም፤ ርካሽነቱ አያታልላችሁ። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው የተሰበሰቡበትን ስታገኙ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የምርት ቁጥር መዝግቡና ከዚያው ምርት 500 ፍሬ እዘዙ።